በዚያው መድረክ ላይ፦ የአቶ ላጲሶ አኑሎ የሕይወት ታሪክ

አቶ ላጲሶ አኑሎ ከአባታቸው ከአቶ አኑሎ ሄራሞና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱባለች በ1948 ዓ.ም. በሀዲያ፣ ከሆሳዕና ከተማ ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ የገጠር ቀበሌ ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን የጻፈ ሰው አልነበረም። መታወቂያቸው ላይ የሰፈረውን ቀን የሰጣቸው ቀበሌው ነው። ልጆቻቸው አድገው ልደታቸውን ለማክበር ኬክ ገዝተው በመጡ ጊዜ «ይህ የቀበሌው ልደት ነው፤ ወስዳችሁ ለቀበሌው ቁረሱለት» ብለው ቤቱን በሣቅ ሞልተውታል። ኬኩን ግን በልተዋል።

አባታቸው አቶ አኑሎ እንሰትና ገብስ የሚያለሙ ገበሬ፣ በአካባቢያቸውም ወንጌልን ቀድመው ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ድንበር የተገፋበት፣ ከብት የጠፋበት ሰው ሁሉ እሳቸው ፊት ቀርቦ ይዳኝ ነበር። አቶ ላጲሶ ከአባታቸው መሬት አልወረሱም፤ ወንድሞቻቸው ብዙ ነበሩ። የወረሱት ያላዩትን አየሁ አለማለትን ነው። ይህም ውርስ አንድ ጊዜ ከእጃቸው ወድቆባቸዋል። የሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት ያለፉት እሱን ለማንሣት ጎንበስ እንዳሉ ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጣዩን በሆሳዕና ከተማ ተከታትለው በ1966 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ መጡ። ቀን መጋዘን ውስጥ እየሠሩ፣ ማታ እየተማሩ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ።

በ1971 ዓ.ም. ከሌሎች አማኞች ጋር በአንድ ቤት ሲጸልዩ ተይዘው በቀበሌ እስር ቤት ለወራት ታስረዋል። ካድሬው ልጅነታቸውን አይቶ አዝኖላቸው ኖሮ «ሁለተኛ አልሰበሰብም ብለህ ፈርምና ውጣ። በልብህ የፈለግኸውን አስብ፤ ማን ያይሃል?» አላቸው። እሳቸውም «በልቤ ሌላ የማስብ ከሆነ ፊርማዬ ምን ያደርግልሃል?» ብለው መለሱ። ካድሬውም «አንተ ልጅ፣ ጅል ነህ ወይስ ሊቅ?» ብሎ ወደ ክፍላቸው መልሷቸዋል። የተፈቱት ከሌሎቹ ሁሉ መጨረሻ ነው። ይህን ታሪክ በሕይወት ሳሉ ብዙ ሰው በምስክርነት ጊዜ እያነሣ አጨብጭቦላቸዋል። እሳቸው ግን ኋላ ላይ ሲነሣባቸው መስማት አይወዱም ነበር፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይገለጻል።

በ1974 ዓ.ም. በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ክፍል ተቀጥረው በቅንነት ሠሩ። የፈረቃ ኃላፊ ሆነውም በ2008 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናብተዋል።

በ1977 ዓ.ም. ከወይዘሮ እንቁ ጡሚሶ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳስረው ሙሉአለም የተባለች ሴት ልጅና ዳግም የተባለ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ለብዙ ዓመታት በኪራይ ቤት ከኖሩ በኋላ በ1998 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላቸው ገርጂ ገቡ። ዛሬ የለቅሶው ድንኳን የተተከለው በዚያው ግቢ ነው።

ሠፈራችን አቶ ላጲሶን በቀጠሮ አክባሪነታቸው ያውቃቸዋል፤ በተለይም በስልክ የሚዋሽ ሰው ያሳምማቸው ነበር። አንድ ቀን መገናኛ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ፣ ረዳቱ ገና «ገርጂ! ገርጂ!» እያለ ሰው እየጠራ፣ አጠገባቸው ያለው ወጣት በስልክ «አዎ፣ ገርጂ ወርጃለሁ፣ እየመጣሁ ነው የኔ ቆንጆ» ይላል። አቶ ላጲሶ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ገና መገናኛ ነን፤ ወንበሩም አልሞላ» አሉ። ታክሲው በሣቅ ተናጋ። ወጣቱ ራሱን ይዞ «ኧረ ፋዘር! ቤቴን አፈረሱት!» ቢላቸው «ልጄ፣ እንዲህ የሚፈርስ ከሆነ ገና አልተሠራም» አሉት። ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ይህን የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ ለቅሷችንን ያቀለሉልንን እናመሰግናለን።

በ2000 ዓ.ም. በዚህች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነው ተመረጡ። ልጅ ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚልክ ቤተሰብ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሳቸው ነበር። ወላጆችም «ላጲሶ ካሉበት ምን ይጠየቃል?» ይሉ ነበር። በእሳቸው ቃል የተጋቡ ብዙዎች ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ቤተሰቡ ብዙ አስቦበታል። የሟች ታሪክ ሲነበብ ነውር እንደሚዘለል ሁላችንም እናውቃለን፤ ሰው በሞተ ማግሥት ደግ ያልሆነ የለም። አቶ ላጲሶ ግን እንዳይዘለል አዘዋል።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የዚህች ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የነበረው ይትባረክ፣ ሶሬቲ ሊባንን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ሶሬቲ ሰሚት በሚገኝ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ስትሆን፣ አባቷ አቶ ሊባን የአቶ ላጲሶ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ለሽምግልናው የተመረጡት መጋቢያችን፣ አቶ ላጲሶና አንድ ሌላ ሽማግሌ ናቸው። መኪና ውስጥ አቶ ላጲሶ «መጋቢ፣ ልጁን በደንብ እናውቀዋለን?» ብለው ጠየቁ። መጋቢውም «ጋሼ ላጲሶ! አብሬው ስጸልይ ስንት ዘመኔ ነው! ከዚህ ወዲያ ምን ማወቅ አለ?» አሉ።

ሰሚት፣ በአቶ ሊባን ሳሎን ውስጥ ነገሩ እንደ ወጉ ቀረበ። አቶ ሊባንም ሁሉን ካዳመጡ በኋላ ወደ አቶ ላጲሶ ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ጋሼ ላጲሶ፣ ልጁን እኔ አላውቀውም። መጋቢውንም የማውቃቸው ከመድረክ ላይ ነው። እርስዎን ግን ጭነት ክፍል አብረን ሠርተናል፤ የማያውቁትን ሲሉ ሰምቼዎት አላውቅም። ይህ ልጅ ከሌላ ሴት ጋር ቃል የለበትም? ያውቁታል?»

አቶ ላጲሶም «አውቀዋለሁ። እንደ ልጄ አውቀዋለሁ፤ ምንም የለበትም» አሉ።

አያውቁትም ነበር። የሚያውቁት ድምፁን ነው፤ እሑድ እሑድ ሲዘምር ከዓይናቸው የሚፈስሰውን እንባ ነው። የቀረውን ሁሉ በመጋቢው ቃል ሞሉት። በኋላ ስለዚያች ሰዓት ሲናገሩ ለራሳቸው ምንም ማመካኛ አልፈለጉም። «ማንም አላስገደደኝም። ምግቡ ቀርቦ ነበር፤ እናቲቱ በር ላይ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር፤ የሁሉም ፊት በርቶ ነበር። "ቆዩኝ፣ ጠይቄ ልምጣ" ማለት ደስታ ማደፍረስ መሰለኝ። ካድሬ በእስር ያላወጣውን ቃል አንድ ሳሎን ሙሉ ፈገግታ አወጣው» ይሉ ነበር። እስር ቤቱ ሲነሣባቸው የማይወዱት ስለዚህ ነው።

ጋብቻው እንደ ልማዳችን ሦስት እሑድ ከዚህ መድረክ ታወጀ፤ ተቃውሞ ያለው ካለ እንዲያቀርብም ተጠየቀ። በእነዚያው ሳምንታት አፀደ የምትባል ሴት ከሐዋሳ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ደውላ ነበር። ይትባረክ በወላጆቿ ፊት ያገባት መሆኑን፣ ከእሱም ሴት ልጅ እንደወለደች ተናገረች። መሪዎቹ ተነጋገሩና «ሠርግ ሲቀርብ የጠላት ውጊያ ይበዛል» ብለው ጉዳዩን በጸሎት ዘጉት። ለአቶ ላጲሶ አልነገሯቸውም። ለአቶ ሊባንም አልነገሯቸውም። ጥር 2010 ዓ.ም. ሠርጉ ተደገሰ፤ አቶ ላጲሶም በሠርጉ ላይ መርቀዋል።

በ2011 ዓ.ም. አፀደ ልጇን ይዛ ሰሚት፣ ይትባረክና ሶሬቲ የሚኖሩበት ቤት ድረስ መጣች። በሩን የከፈተችው ሶሬቲ ናት። ሕፃኗ ይትባረክን ስታይ ሮጣ እግሩን አቀፈች፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ሶሬቲ ለእንግዶቿ ምሳ አቅርባ፣ ዕቃ አጥባ፣ ልብሷን በሻንጣ ይዛ በዚያው ከሰዓት ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በእሑድ ጉባኤ መካከል፣ ይህ ጽሑፍ ከሚነበብበት ከዚህ መድረክ ላይ፣ ሶሬቲ ሊባን «ያለ በቂ ምክንያት ትዳሯን ጥላ ስለወጣች» ከኅብረቱ መታገዷ ተነገረ። ስለ ይትባረክ የተባለ ነገር የለም። ጉዳዩ በውስጥ ይታያል ተብሎ ወደ ሌላ ከተማ ለአገልግሎት ተላከ። እዚያም እየዘመረ ነው ይባላል፤ ይህን ቤተሰቡ አላጣራም።

ሶሬቲን መንገድ ላይ ሲያዩ የሚሻገሩ እኅቶች ነበሩ። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄደው ሐኪም ያላዘዘውን ምክር የሰጧት ነበሩ፤ አንዷማ የጉንፋን መድኃኒቷን ተቀብላ «ወንድ ልጅ እኮ ትንሽ ይታገሡታል፣ የኔ እመቤት» ብላት ሄዳለች። አቶ ሊባን ቤተ ክርስቲያን መምጣት አቆሙ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አቶ ሊባን ገርጂ መጡ። ወይዘሮ እንቁ ወንበር ሰጧቸው፤ አልተቀመጡም። ሁልጊዜ «ጋሼ» የሚሉትን ሰው በስማቸው ጠሯቸው። «ላጲሶ፣ እኔ ልጄን ለዘማሪ አልሰጠሁም። ለመጋቢም አልሰጠሁም። ለአንተ ቃል ነው የሰጠሁት» አሏቸው።

አቶ ላጲሶ ተነሥተው ቆሙ። «ሳላውቅ አውቀዋለሁ ብያለሁ። ልጅህ ያጠፋችው ምንም የለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ስሟ በጠፋበት መድረክ ላይ፣ ያው ሕዝብ እየሰማ፣ በአፌ እመልሰዋለሁ» አሉ።

«መቼ?» አሉ አቶ ሊባን።

«ነገ።»

ነገው አልሆነም። አቶ ላጲሶ በማግሥቱ ከጉባኤው በፊት ወደ ቢሮ ገብተው መድረክ ሲጠይቁ መሪዎቹ በደግነት ተቀበሏቸው፤ ሻይም አዘዙላቸው። የአፀደን ስልክ መደወል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ያን ጊዜ ነው፤ ከመሪዎቹ አንዱ ሳያስበው «ያኔም ደውላ ነበር እኮ» ስላለ። መጋቢው «ጋሼ፣ እውነቱ እውነት ነው፤ ግን በአደባባይ ከወጣ የጌታ ስም ይሰደባል» አሉ። አቶ ላጲሶም «የተሰደበው የሶሬቲ ስም ነው። የጌታን ስም ማን ነካው?» ሲሉ ጠየቁ። መልሱ «እንጸልይበት» የሚል ነበር።

ተጸለየበት። መጀመሪያ ዓመታዊው ኮንፈረንስ ይለፍ ተባለ። ቀጥሎ ኮሮና መጣና አዳራሹ ተዘጋ። ሲከፈት «ሕዝቡ ገና እየተሰበሰበ ነው፤ አሁን አይበተን» ተባለ። ከዚያ የአዳራሹ ማስፋፊያ ሥራ ተጀመረ፤ ከምረቃው በፊት አይሆንም፣ ከምረቃው በኋላ ደግሞ ደስታውን ያበላሻል። እንጸልይበት የሚለው ቃል በሌላ ቦታ በር ይከፍታል፤ እዚህ ግን መቆለፊያ ሆኖ አገልግሏል።

በ2013 ዓ.ም. አንድ እሑድ፣ በምስክርነት ሰዓት፣ አቶ ላጲሶ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወደ ፊት ሄዱ። ማይክራፎን የያዘው አገልጋይ ሽማግሌ ናቸውና አክብሮ ሰጣቸው። «ስለ ሶሬቲ ሊባን ነው» ብለው ጀመሩ። ማይክራፎኑ ተዘጋ። ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ኪቦርዱ ጮኸ፤ መዘምራን በምልክት ተነሡ፤ ሕዝቡ ቆሞ እንዲያመልክ ተጋበዘ፤ እኛም ቆመን አጨበጨብን። አስተናባሪዎች ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ደግፈው በፍቅር አስወጧቸው። በር ላይ ለጠየቀ ሁሉ «ጋሼ ስኳራቸው ወርዶ ነው» ተባለ። አቶ ላጲሶ የስኳር ሕመም ኖሮባቸው አያውቅም።

በቀጣዩ ዓመት «በዕድሜ ምክንያት» ከሽማግሌነት በክብር ተሸኙ። ጋቢ ለበሱ፤ በታማኝነት ማገልገላቸውን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም ተሰጣቸው። ጋቢውን እቤት ሲደርሱ አውልቀው ሁለተኛ አልነኩትም። ወይዘሮ እንቁ ግን «ጋቢው ምን አጠፋ? የገርጂን ብርድ መሪዎቹ አላመጡት!» ብለው እስከ ዛሬ ይለብሱታል።

ብዙ ሰው ለምን ሌላ ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄዱ ይጠይቅ ነበር። ባለቤታቸውም ለምነዋቸዋል። «ጎሮ አንድ ጥሩ ጉባኤ አለ አሉ። እዚያ ማንም አያውቀንም፤ ሄደን እንደ ሰው ተቀምጠን እንዘምር» ብለዋቸዋል። አቶ ላጲሶ «ቃሌ ያለው እዚህ ነው፣ እንቁዬ። ጎሮ ሄጄ ብናገረው ወሬ ነው» አሉ። እናም በየእሑዱ መጥተው በመጨረሻው ረድፍ ተቀመጡ። ሲገቡ ለመጋቢው እጅ ይነሣሉ፤ ሲወጡ «መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። መጋቢው በሌላ በር መውጣት ጀመሩ።

ወይዘሮ እንቁ ባልተናገሩት ቃል ምክንያት አብረው ተቀጥተዋል። ለዓመታት በቤታቸው ይደረግ የነበረው የእኅቶች ጸሎት ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ፤ የት እንደተዛወረም የነገራቸው የለም። ሻይ አፍልተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ በር በሩን ሲያዩ የዋሉበትን ሐሙስ ልጆቻቸው አይረሱትም። ስለዚህ ነገር ወይዘሮ እንቁ ባለቤታቸውን ሁልጊዜ ይቅር አላሏቸውም፤ አንዳንድ ቀን ብቻ።

በ2015 ዓ.ም. ልጃቸው ዳግም ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ አቶ ላጲሶም እንደ አባት አብረው ተገኙ። የልጅቷ አባት «ልጅዎን እርስዎ ይንገሩን» አሏቸው። አቶ ላጲሶም «የማውቀውን ልንገራችሁ። ጠዋት አይነሣም። ሲቆጣ በር ይወረውራል፤ ከዚያ ተመልሶ ራሱ ይከፍተዋል። እናቱን አያስለቅስም። ሴት እንዳለችው ጠይቄዋለሁ፤ የለኝም ብሎኛል፤ ጓደኞቹንም ጠይቄያለሁ። ከዚያ በላይ በልቡ ያለውን አላውቅም» አሉ። ዳግም መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። የልጅቷ አባት ግን ሣቁ፤ «በር የሚወረውርስ እኛም ቤት አለ» ብለው ልጃቸውን ፈቀዱ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ አቶ ሊባን አረፉ። አቶ ላጲሶ ለቅሶ ሲደርሱ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጠ አልነበረም። ሶሬቲ ራሷ ምግብ ይዛ መጣች። «ይብሉ ጋሼ» አለቻቸው። በሉ። ወደ ቤት ሲመለሱ «ሊባን "መቼ?" ብሎኝ ነበር፤ መልሱን ሳልሰጠው ሄደ» አሉ።

በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው መድከማቸው ታወቀ፤ የኩላሊት እጥበትም ጀመሩ። ሶሬቲ መድኃኒታቸውን እየተከታተለች፣ ስትችልም ከሰሚት ገርጂ እየተመላለሰች ጠይቃቸዋለች። አንድ ቀን አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ይተዉት በቃ። ለእኔ ድሮ አልፎልኛል» አለቻቸው።

«ላንቺ ካለፈልሽ እሰየው። ለእኔ ግን አላለፈልኝም» አሏት።

«ሰዉ እኮ ረስቶታል።»

«አንቺን ሲያይ አልረሳም፣ ልጄ። የረሳው እውነቱን ነው።»

ባለፈው ክረምት እንኳ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ሊጠይቃት አስቦ፣ ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ሰው ጠይቆ፣ «ትዳር ጥላ የወጣች ናት» ተብሎ መመለሱን ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ሕመማቸው እየጠና ሲሄድ ልጃቸውን ሙሉአለምን ጠርተው የሕይወት ታሪካቸው በዚህ አዳራሽ፣ በዚህ መድረክ ላይ እንዲነበብ አዘዙ። «ለቁም ሰው ማይክራፎን ይዘጋሉ፤ በሬሳ ፊት ግን አይዘጉም። ኪቦርድም አይጮኽም» አሏት። ሙሉአለም እያለቀሰች «አባዬ፣ ለዚህ ብለህ ልትሞት ነው?» ስትላቸው «ኧረ አይደለም። ካልቀረ ግን ይጥቀመኝ እንጂ» ብለው ሣቁ። ከዚያ የሚነበበውን ቃል በአፋቸው አስጽፈው፣ ሁለት ጊዜ አስነብበው፣ አንድ ቦታ አሳረሙ። «ተታልዬ» የሚል ቃል ገብቶ ነበር፤ አውጡት አሉ።

ያስጻፉት እንዲህ ይላል፦ «እኔ ላጲሶ አኑሎ፣ ይትባረክን ሳላውቀው አውቀዋለሁ ብዬ ለአቶ ሊባን ቃል ሰጥቻለሁ። ይትባረክ ሚስትና ልጅ ነበሩት። ሶሬቲ ሊባን ትዳር ጥላ አልወጣችም፤ ትዳር አልነበራትምና። ከዚህ መድረክ ስለ እሷ የተነገረው እውነት አይደለም። መሪዎቻችን ይህን ያውቃሉ። ሶሬቲ፣ ዘግይቻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ሊባን፣ ዛሬ ነው።»

የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ ለማየት ጠይቆ ነበር። ቤተሰቡ እንጸልይበት ብሏል።

አቶ ላጲሶ ሲታመሙ በሐኪምና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ እንቁ ጡሚሶ፣ ከልጆቻቸው ከሙሉአለምና ከዳግም፣ ከምራታቸውና ከአንዲት የልጅ ልጃቸው፣ እንዲሁም ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው በሞት ተለይተዋል። ሲታመሙ የጠየቃችሁ፣ ዛሬ ልትሸኟቸው የመጣችሁ፣ በተለይም ከሰሚት ማልዳ መጥታ ከወይዘሮ እንቁ ጎን የተቀመጠችው ሶሬቲ ሊባን፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናችኋል። ከፊት ወንበር ለተቀመጡት መሪዎቻችንም፣ መድረኩን ስለፈቀዱልን ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ጌታ የአቶ ላጲሶን ነፍስ በምሕረቱ ይቀበል። በፊቱ ቆመው መናገር ሲጀምሩም እስኪጨርሱ ድረስ ያድምጣቸው። አሜን።